በቀጭን መስመር የተካሄደ ውይይትና ያልተጠየቀ መልእክት

በፖስታ ሥርዓት የደብዳቤን ዋጋ የሚከፍለው ላኪው ነው። በኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894፣ ቴምብር ከታተመ ጀምሮ ደንቡ ይኸው ሆኖ ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሺህ ደብዳቤ መበተን የፈለገ ነጋዴ የሺህ ቴምብር ዋጋ ማሰብ ነበረበት። የኤሌክትሮኒክ መልእክት ግን ይህን ሚዛን ገለበጠው። ላኪው አንድ መልእክት ቢልክም አሥር ሺህ ቢልክም ወጪው እምብዛም አይለያይም፤ መልእክቱን በስልክ መስመር ወደ ቤቱ የሚያወርደው ተቀባይ ግን በየደቂቃው ይከፍላል። ስፓም የሚባለው ያልተጠየቀ መልእክት ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የመሰላቸትና የማጭበርበር ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። መስመሩ ቀጭን ከሆነበት አገር ሲታይ ግን የሒሳብ ታሪክ ነው፤ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

የውይይት ቡድኖች ራሳቸው የተወለዱት በቀጭን መስመር ላይ ነው። በ1979 በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዩዝኔት የተሰኘውን ሥርዓት ሲያስቡ በእጃቸው የነበረው ተራ ስልክና ዝግተኛ ሞደም ነበር። አንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ይደውላል፤ የተከማቸውን ጽሑፍ ያቀብላል፤ መስመሩን ይዘጋል። በ1984 ቶም ጄኒንግስ በሳን ፍራንሲስኮ የጀመረው ፊዶኔትም በዚሁ መንገድ ሄደ። የየጣቢያው ባለቤቶች የስልኩን ሒሳብ ከኪሳቸው ይከፍሉ ስለ ነበር፣ መልእክቱ የጥሪ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊት ይተላለፍ ነበር። ይህ አጠራቅሞ የማስተላለፍ ዘዴ የድኾች አገሮች ማካካሻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው የሥርዓቱ አጥንት እርሱ ነበር።

ዘዴው በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ገባ። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የሰነድና የመረጃ ክፍል የፊዶኔት ጣቢያ አቋቁሞ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት ይሰጥ ጀመር፤ በ1993 በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማእከል ገንዘብ የተጀመረው ካቤካ የተሰኘ ፕሮጀክትም ይህንኑ ልምድ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አዳረሰ። ተጠቃሚው ደብዳቤውን መስመር ሳይከፍት ጽፎ ይጨርሳል፤ ከዚያም ለጣቢያው በከተማ ስልክ ይደውላል፤ ጣቢያው የሰበሰበውን ጨምቆ በለንደን ከሚገኘው ከግሪንኔት ጋር በዓለም አቀፍ ጥሪ ይለዋወጣል። በጥሪው ላይ የምታልፍ እያንዳንዷ ሴኮንድ ዋጋ ነበራት። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ለአብዛኛው ተጠቃሚ መረብ ማለት ደብዳቤ ማለት ነበር።

ሆኖም በደብዳቤ ብቻ ብዙ ነገር ይሠራ ነበር። ኤሪክ ቶማስ በ1986 በፓሪስ የጻፈው ሊስትሰርቭ የተባለው ፕሮግራም ደብዳቤ ተቀብሎ በውስጡ ያለውን ትእዛዝ ይፈጽማል። የውይይት ቡድን አባል ለመሆን አንድ መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር። ነገሩን የሚያውቅ ተጠቃሚ ግን በዚህ አያበቃም፤ ሁለተኛ ትእዛዝ ያስከትላል። የቀኑ ውይይት በአንድ ጥራዝ ተጠቃሎ እንዲላክለት ያዛል፤ ወይም ርእሶቹ ብቻ ተዘርዝረው እንዲመጡለት ያደርግና የፈለገውን ጽሑፍ በተናጠል ያስመጣል፤ ከከተማ ሲወጣም ከአባልነት ሳይሰረዝ መልእክቱ እንዲቆምለት ያደርጋል። አሜሪካዊው ቦብ ራንኪን በ1990ዎቹ ያዘጋጀው መመሪያ ደግሞ ከዚህ አልፎ ፋይልና ድረ ገጽ በደብዳቤ እንዴት እንደሚገኝ ያስተምር ነበር፤ መመሪያው ራሱም የሚገኘው በደብዳቤ ታዝዞ ነው። በኢጣልያ በትሪየስት የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማእከልም መስመራቸው ደካማ ለሆነ ሳይንቲስቶች ድረ ገጽ በደብዳቤ የሚልክ አገልግሎት አቋቁሞ ነበር። በዚህ ሁኔታ የሌላውን ረጅም ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ከሥሩ «እስማማለሁ» ብሎ መጻፍ የሌላውን ሰው ገንዘብ ማባከን ነበር፤ ብዙዎች እንደ ተራ የጨዋነት ጉድለት ብቻ ያዩታል።

ያልተጠየቀ መልእክት የመጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው በሜይ 3 ቀን 1978 የተላከው ነው። የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ባልደረባ ጋሪ ቱርክ በካሊፎርኒያ ለሚደረግ የኮምፒዩተር ትርኢት ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ጥሪ ላከ። ተቃውሞው ብርቱ ነበር፤ ነገሩ ግን በዚያው በረደ።

በኤፕሪል 12 ቀን 1994 የደረሰው ከዚህ ይለያል፤ መነሻውም ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁት ዲቪ ነው። ሎሬንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ በአሪዞና የሚሠሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ለአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ የሚቀርበውን ማመልከቻ በክፍያ እናዘጋጃለን የሚል ማስታወቂያ ከ5,000 በሚበልጡ የዩዝኔት ቡድኖች ላይ ለጠፉ። በዚያን ጊዜ ዕጣው ውስጥ ለመግባት ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። ዋናው ቁም ነገር ግን አለጣጠፉ ነው። በዩዝኔት ደንብ አንድ ጽሑፍ ለብዙ ቡድኖች በአንድነት ቢላክ በየኮምፒዩተሩ የሚቀመጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ በመስመሩም የሚያልፈው አንድ ጊዜ ነው፤ በአንዱ ቡድን ያነበበው ሰው በሌላው ዳግመኛ አይገጥመውም። ጠበቆቹ ግን በፕሮግራም አማካይነት ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ቅጂ ላኩ። ስለዚህ ያው ማስታወቂያ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ተላለፈ፤ በሺሕ በሚቆጠር ቦታም ተከማቸ። የተቃውሞው ደብዳቤ ብዛት የኢንተርኔት አቅራቢያቸውን ኮምፒዩተሮች ደጋግሞ ጣለ። አርንት ጉልብራንድሰን የተባለ ኖርዌያዊ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እየተከታተለ የሚሰርዝ ፕሮግራም ጻፈ፤ የመሰረዣው ትእዛዝ ራሱ መልእክት ስለ ነበር ግን በመስመሩ ማለፉ አልቀረም። ካንተር በ1997 በቴኔሲ የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ ይህ ማስታወቂያ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቡድኖች ላይ የሚጽፉ ሰዎች አድራሻ በፕሮግራም እየተለቀመ ለነጋዴዎች ይሸጥ ጀመር፤ መናገር ራሱ ዋጋ አስከፈለ። ብዙዎች አድራሻቸውን ሆን ብለው አዛብተው መጻፍ ያዙ። መከላከያዎችም መጡ፤ ነገር ግን ሁሉም ለቀጭን መስመር አልተሠሩም። በ2002 ፖል ግራም ያስተዋወቀው የቃላትን ዕድል እያሰላ የሚለይ ማጣሪያ በተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ፣ መልእክቱን የሚያጣራው ከወረደ በኋላ፣ ማለትም ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለው ተጠቃሚ ይበልጥ የጠቀመው የመልእክቶቹን ራስጌ ብቻ አይቶ የማይፈልገውን ሳያወርድ ከአቅራቢው ኮምፒዩተር ላይ ማጥፋት ነበር። ሌላም አደጋ ነበር። ሰንድሜይል የተባለው የታወቀ የደብዳቤ ፕሮግራም እስከ 1998 ድረስ፣ ካልተከለከለ በቀር፣ የማንንም መልእክት ተቀብሎ ያስተላልፍ ነበር። ከ1997 ጀምሮ የተስፋፉት የጥቁር መዝገብ ዝርዝሮች እንዲህ ያሉትን ኮምፒዩተሮች ያግዱ ጀመር። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ አቅራቢ ብቻ ባለበት አገር ያ ኮምፒዩተር ቢመዘገብ፣ የጥፋተኛውም የሐኪሙም ደብዳቤ አብሮ ይመለሳል።

ከሁሉ የበለጠ የሠራው ሰው ነው። በ1994 የተቋቋመው ፕሮሜድ የተላላፊ በሽታዎችን ወሬ ለሐኪሞች ያደርስ የነበረው በተራ ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት ከመሠራጨቱ በፊት በአወያይ ይነበባል፤ ይታረማል፤ የማይረባው ይቀራል። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2003 በቻይና በጓንግዡ ስለ ተሰማው ያልታወቀ የሳንባ በሽታ የሚጠይቅ አጭር መልእክት በዚሁ ዝርዝር ወጣ፤ በሽታው በኋላ ሳርስ የተባለው ነበር። መልእክቱ ጥቂት መስመር ብቻ ስለ ነበር ደካማ ሞደም ያለው ሐኪምም ከሌላው እኩል ሊያነበው ይችል ነበር።

አወያይ የሌላቸው ቡድኖች ዕጣ የተለየ ሆነ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ ዩዝኔት በተወለደበት ግቢ የነበረውን ሰርቨር በ2010 ዘጋ። ጉግልም በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ከዩዝኔት አዲስ ጽሑፍ መቀበል አቆመ፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የስፓም መብዛት ነበር። አሮጌዎቹ ጽሑፎች ለንባብ ቀርተዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ ውይይቱ ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል፤ ዳታ በጥቅል የሚገዛ አባል የማይፈልገው የማስታወቂያ ቪዲዮ ሳይከፍተው ወርዶ ጥቅሉን እንዳይበላበት በራሱ ማውረድን ከስልኩ ያጠፋል።