የካዕብን ጭረት የተሸከመው ሞተር

ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሚዛን ተፈሪ የቡና ከተማ ናት። ከቤንች ቀበሌዎች፣ ከበበቃ እርሻ፣ በቴፒ መንገድም ከሸካ በኩል ቡና ይመጣል። ቡና ደግሞ ያለ ወረቀት ንቅንቅ አይልም። ጆንያው ሲመዘን ወረቀት፣ መኪና ላይ ሲጫን ወረቀት፣ ባንክ ገንዘቡን ሲከፍል ወረቀት። ዋናው ለአንዱ፣ ኮፒው ለሌላው፣ ሦስተኛው ለመዝገብ ቤት። ሌዘር ፕሪንተር ካርቦን አልፎ ከሥር ያለው ቅጠል ላይ ሊጽፍ አይችልም፤ ለዚህ በመርፌ የሚመታ ማሽን ያስፈልጋል። ዶት ማትሪክስ የሚባለው ጩኸታም ፕሪንተር ከባንክና ከመጋዘን ጠረጴዛ ላይ እስካሁን ያልተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

የአማርኛ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባበት ታሪክ ሲነገር የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ስም ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ፊደሉን ከስክሪን አውርዶ ወረቀት ላይ ያሰፈረውን ሞተርና አዛዡን ግን የሚያነሣቸው የለም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ እነሱ ነው።

መነሻው ጽሕፈት መኪና ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን መኪና ለአማርኛ ሊያውሉት ሲነሡ የገጠማቸው እንቅፋት የቁልፍ እጥረት ነበር። ከ200 በላይ የሆነ ፊደል በአርባና ሃምሳ ቁልፍ አይያዝም። መፍትሔው ፊደሉን መሰባበር ሆነ፤ መጀመሪያ ግዕዙ ይመታል፣ ቀጥሎ ቅጥሉ ይታከልበታል። ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተሰራጨው የአማርኛ ኦሊቬቲም ከዚህ ችግር አላመለጠም። የፊደሉ ቅርጽ ተንጋዶ መውጣቱን ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። መኪናው የሚያውቀው አንድ ዓይነት እርምጃ ብቻ ነበር፤ ቁልፍ ሲመታ ወረቀቱን የያዘው ጥቅል አንድ ጥርስ ይፈናጠራል፣ ያበቃል።

ከጽሕፈት መኪናው በኋላ ተራው የኮምፒውተር ፕሪንተር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980 የጃፓኑ ኤፕሰን ኤምኤክስ-80 የተባለውን ፕሪንተር ለገበያ አቀረበ፤ ኤፍኤክስ-80 ተከተለው። እነዚህ ማሽኖች ሆዳቸው ውስጥ የነበረው የላቲን ፊደል ነው። ነገር ግን በኤፍኤክስ-80 ላይ አንድ በር ክፍት ነበር። ኮምፒውተሩ «አሁን ሥዕል ነው የማትመው» ብሎ ካዘዘ፣ ቁልቁል ከተደረደሩት ዘጠኝ መርፌዎች ስምንቱን ነጥብ በነጥብ እንደፈለገ ሊመታቸው ይችላል። በአሜሪካ እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ በአገር ቤት ደግሞ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪን የሠሩት ባለሙያዎች ፊደሉን ለኮምፒውተር ያበቁት በዚያው በዶት ማትሪክስ ዘመን ነው። ከነሱ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እኔም አልገባበትም።

ችግሩ ስምንት ነጥብ ለአማርኛ ማነሱ ነው። ጨ፣ ጯ ወይም ቿ በስምንት ነጥብ ቁመት ምን እንደሚመስሉ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ አንዱ መላ መስመሩን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፤ በመጀመሪያው ምልልስ የፊደላቱ ራስ ይታተማል፣ በሁለተኛው እግራቸው። በሁለቱ መካከል ወረቀቱ በትክክል ስምንት ነጥብ ያህል መውጣት አለበት። የኤፍኤክስ-80 ዝቅተኛው የወረቀት እንቅስቃሴ የኢንች 216ኛ ነው፤ ስምንት ነጥብ ማለት 24 ጊዜ ያንን ያህል ነው። 25 ከሆነ በፊደሉ ወገብ ላይ ነጭ ክር ይታያል፣ 23 ከሆነ ራስና እግር ይደራረባሉ።

እዚህ ላይ «ቡና» የሚለውን ቃል እንይ። በን ከካዕቡ ከቡ የምትለየው ከቀኝ እግሩ ወገብ የምትወጣ አጭር ጭረት ናት፤ የሁለቱ ምልልስ ስፌትም የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው። ወረቀቱ ትንሽ ካፈነገጠ ጭረቷ ትደበዝዛለች ወይም ሁለት ትሆናለች። በቡና አገር የሚጻፈውን ደረሰኝ ሁሉ አስቡት።

ይህን ጥንቃቄ የሚሸከመው ስቴፐር ሞተር ነው። ተራ ሞተር መብራት ሲያገኝ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ስቴፐር ግን አንድ ምት ሲታዘዝ አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በስኮትላንድ አበርዲን ዎከር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1919 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ በ1920ዎቹ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የመድፍና የቶርፒዶ አቅጣጫ ለማመልከት ተጠቅመውበታል። ዛሬ በብዛት የሚታየው ባለ 200 እርምጃ ዓይነት መሠረቱ በ1952 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች በፋይርታግና በዶናሆ ስም የተመዘገበው ሞተር ነው። መሐሉ ያለው ተሽከርካሪ ክፍል 50 ጥርስ አለው፤ አንድ እርምጃው 1.8 ዲግሪ ነው። ፕሪንተር ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከዚህ የረከሰና እርምጃው የሰፋ ነው፤ ያንን ጥርሳም ጎማዎች ያሳንሱታል።

ሞተሩ ብቻውን ምንም አያውቅም። የትኛው ጥቅል ሽቦ መቼ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝና በየት አቅጣጫ እንደሚያልፍበት የሚወስነው ድራይቨር የተባለው ክፍል ነው። ሥራው ከሚመስለው ይከብዳል፤ ምክንያቱም በጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደታዘዘ ወዲያው አይሞላም። ምቱ ሲፈጥን ሽቦው ሳይሞላ ቀጣዩ ትእዛዝ ይደርሳል፣ የሞተሩ ጉልበትም ይከዳል። የድሮዎቹ ድራይቨሮች ቮልቱን ከፍ አድርገው በመሐል ሬዚስተር ይገጥሙ ነበር፤ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ሬዚስተሩ ግን እንደ ምጣድ ይግላል። በኋላ የመጡት ከፍተኛውን ቮልት ለቀው፣ ኤሌክትሪኩ ልኩ ላይ ሲደርስ ቆርጠው፣ መልሰው ይለቃሉ፤ ይህንንም በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ያደርጉታል። ጉልበትም ፍጥነትም ያለዚያ ሁሉ የሙቀት ብክነት የተገኘው ያኔ ነው። ሙሉውን እርምጃ ከግማሽም ባነሰ ከፋፍሎ መንቀጥቀጡን ማብረድ የተቻለውም ኤሌክትሪኩን በዚህ መልክ መመጠን ከተቻለ ወዲህ ነው።

አንድ ድክመት ግን ቀረ። ተራው ድራይቨር ያዛል እንጂ መፈጸሙን አያረጋግጥም። ወረቀቱ ተጣብቆ ሞተሩ ሁለት እርምጃ ቢስት ድራይቨሩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከስህተቱ ነጥብ ተነሥቶ መቁጠሩን ይቀጥላል። ፕሪንተሩ ሲበራ የመጻፊያው ራስ ወደ ግራ ጥግ እየጮኸ የሚሮጠው ለዚህ ነው፤ ጥጉ ላይ ያለውን ጠቋሚ አግኝቶ ቁጥሩን ከዜሮ ለመጀመር። ወረቀቱ ግን እንዲህ ያለ ጥግ የለውም። እንደ ሚዛን ዝናብ በማይጠፋበት አገር እርጥበት የጠጣ ባለ ቀዳዳ ወረቀት ሲያብጥና ሲጣበቅ፣ ራስና እግራቸው የተለያዩ ፊደላት ይወጣሉ። ታይፒስቶች መድኃኒቱን ሞተሩን ሳያውቁት ያውቁታል፦ ማጥፋት፣ ወረቀቱን አውጥቶ እንደገና ማስተካከል፣ ማብራት።

ዋጋው ጊዜ ነበር። በሥዕል ሲታተም አብዛኛው ማሽን የሚጽፈው ወደ ቀኝ ሲሄድ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ባዶውን ነው። አንድ የአማርኛ መስመር ሁለት ምልልስ ሲፈልግ፣ ላቲኑን ማሽኑ በአንድ ጉዞ ይገላግለዋል። ባለ 24 መርፌዎቹ ኤልኪው ማሽኖች ሲመጡ ፊደሉ በአንድ ምልልስ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ስፌቱም ጠፋ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ግዴታ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ስቴፐር ሞተር በየሱቁ ገብቷል። የካሽ ሬጂስተሩ ራስ አይንቀሳቀስም፣ መርፌም የለውም፤ የተደረደሩ ጥቃቅን ማሞቂያዎች ወረቀቱን ያጠቁራሉ፣ አንዲት ሞተር ብቻ ወረቀቱን ትገፋለች። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። ይሁንና ያው ሙቀት ያጠቆረው ወረቀት በጊዜና በሙቀት ይደበዝዛል። ሞቃታማዋ ቴፒ ላይ ደረሰኝ ለኦዲተር ማስቀመጥ ያለበት ነጋዴ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ሁለቱን አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። ፎቶ ኮፒው ማሽን ውስጥም ወረቀት የሚስብ ሞተር አለ።