97 ዓመት ስም ያልተጻፈበት መቃብር



ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዲት እናት ወደ ጌታ ሄዱ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ኅብረታችን ገና አዳራሽ ሳይኖረው ሳሎናቸውን ለጸሎት የከፈቱልን እሳቸው ነበሩ። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ግን አራት መስመር ብቻ ሆነ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። አፈርን።

ከዚያ በኋላ ከወጣቶቻችን ጋር አንድ ሥራ ጀመርን። የምንኖርበትን ከተማ ያቀኑ ሰዎች በመታሰቢያዎች ላይ ተጽፈዋልና እነማን እንደ ነበሩ እንመርምር አልን። ኢያሱ ከዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ድንጋዮች ያስነሣው ልጆች ወደ ፊት ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው (ኢያሱ ምዕ. 4)። የእኛስ ልጆች ቢጠይቁን ምን እንመልሳለን?

መጀመሪያ የሄድነው ከተማዋ ወደ ተቆረቆረችበት አደባባይ ነው። እዚያ ባለው መታሰቢያ ላይ በ1781 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሰፈሩት 11 ቤተሰቦች፣ በጠቅላላው 44 ሰዎች፣ ተዘርዝረዋል። ወጣቶቻችንን ያስገረማቸው ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው መሆናቸው ነው። ከእነርሱ አንዱ ሉዊስ ኪንቴሮ የተባለ ጥቁር ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከሜክሲኮ በረሃውን አቋርጦ መጣ። በተከታዩ ዓመት ግን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ለሰፈሩ አይጠቅምም ተብሎ ተባረረ። ወደ ሳንታ ባርባራ ሄዶ በስፌት ሥራው ኖረ። ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጁ ማሪያ ሪታ ሰፊ የከብት እርሻ ያላት ባለ መሬት ሆነች። ያ መሬት ዛሬ ቤቨርሊ ሂልስ ይባላል። ሰው በሰው ላይ የጻፈው ፍርድ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ እዚያው ቆመን ተነጋገርን።

ሁለተኛው መታሰቢያ መሐል ከተማ፣ በስፕሪንግና በብሮድዌይ መንገዶች መካከል ያለ ረጅም ጥቁር ግንብ ነው። በ1989 የተሠራ ሲሆን የአንዲት ሴትን ሕይወት በየአሥር ዓመቱ ከፍሎ ያሳያል። ሴትዮዋ ቢዲ ሜሰን ትባላለች።

ቢዲ በ1818 በባርነት ተወለደች። በ1848 ሮበርት ስሚዝ የተባለው አሳዳሪዋ ከሚሲሲፒ ወደ ዩታ ሲጓዝ እርሷ ከሠረገሎቹ ኋላ ከብት እየነዳች፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ፣ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ሄደች። ታናሿ ገና ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች። በ1851 ወደ ካሊፎርኒያ መጡ። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ባርነትን ከልክሎ ነበር፤ ስሚዝ ግን ነፃ መሆናቸውን ደብቆ ወደ ቴክሳስ ሊወስዳቸው ተዘጋጀ። ይህን ያወቁ ነፃ የወጡ ጥቁር ወዳጆቿ ለባለ ሥልጣን አመለከቱ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ቀረበ።

በዚያን ጊዜ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ፍርድ ቤት መመስከር አይፈቀድለትም ነበር። ዳኛው ቤንጃሚን ሄይስ ስለዚህ ቢዲን ከችሎቱ ለይቶ በራሱ ክፍል ጠየቃት። አብራት የነበረችው ሐና በፍርሃት ተይዛ ለመናገር ስታመነታ እናያለን። በጥር 1856 ግን ደፍራ የተናገረችውም የፈራችውም፣ ከነልጆቻቸው 14 ሰዎች፣ በአንድ ቀን ነፃ ወጡ። ጸጋ ምን እንደሚመስል ለልጆቻችን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ቢዲ በአዋላጅነት በቀን ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ተቀጠረች። አሥር ዓመት ቆጥባ በ1866 በ250 ዶላር መሬት ገዛች። ከተማዋ ስታድግ ሀብታም ሆነች፤ እስረኞችን ግን ትጠይቅ፣ ችግረኞችንም ታበላ ነበር። በ1872 የመጀመሪያዋ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በዚህች ከተማ የተጀመረችው በእርሷ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ ዛሬ አለች።

ቢዲ በ1891 ዐረፈች። መቃብሯ ላይ ድንጋይ የቆመው ግን በ1988 ነው። በቤቷ የተጀመረችው ቤተ ክርስቲያን 97 ዓመት ሙሉ የመቃብሯን ምልክት ሳታቆም ኖራለች። ይህን ስናነብ ለመፍረድ አፋችንን ልንከፍት ነበር፤ ያቺ የአራት መስመር ታሪክ ትዝ ብላን ዝም አልን።

አንዳንድ ወገኖች፣ ስማችን በሰማይ ከተጻፈ የምድሩ ምን ያደርጋል ብለው ጠይቀውናል። እውነት ነው፣ ለሐውልት ብለን አንኖርም፤ ሰውንም አናመልክም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 16 የደከሙትን በየስማቸው እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ቤታቸውን ለጉባኤ የከፈቱትን ጵርስቅላንና አቂላንም አልረሳም። የሰማዩ መዝገብ አይጠፋም፤ ማመስገን ግን የእኛ ዕዳ ነው። ያላወቅነውን ሰው ደግሞ ማመስገን አንችልም።

ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶቻችን ደብተር ይዘው ወደ ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን ቤት ይሄዳሉ። ቡና እየጠጡ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። መቼ መጡ? በምን መንገድ? መጀመሪያ ማን ተቀበላቸው? በየት ቤት ጸለዩ?

እናንተም በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ጠይቁ። በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።