ከሸክላ ንጣፍ እስከ ስልክ ከቨር፤ የሙቀት ኅትመት ታሪክ ባጭሩ

ባለፈው ክረምት ታላቅ እኅቴ ከዕቁብ በደረሳት ገንዘብ በገበያ «ሂት ፕሬስ» የሚባለውን የሙቀት መጭመቂያ መኪና ገዝታ በሰፈራችን በአንዲት ጠባብ ክፍል ሥራ ጀመረች። ሥራዋም በስልክ ከቨር ላይ ሥዕልና ፎቶግራፍ ማተም ነው። ለሚያየው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሥዕሉ በወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ በከቨሩ ላይ ይደረጋል፤ የጋለው ብረት ይጫነዋል፤ ከአንድ ደቂቃ ያህል በኋላ ሥዕሉ ወረቀቱን ለቆ በከቨሩ ላይ ይገኛል።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት 12 ከቨሮች ተበላሹብን። አንዳንዱ በሙቀቱ ቀለጠ፤ አንዳንዱ ቀለሙን አልቀበልም አለ፤ በጥቍር ከቨር ላይ ያተምነው አበባ ጨርሶ አልታየም፤ የአንድ ደንበኛ ስም ደግሞ ተገልብጦ ወጣ። የዕቁቡ መክፈያ ቀን ግን አይጠብቅም። እናታችን «የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ ተረተችብን። እኔም የኬሚስትሪ መምህራችንን ብጠይቃቸው፤ «የጥፋታችሁ ምክንያት ሁሉ በጥበቡ ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ አስቀድመህ ታሪኩን መርምር» አሉኝ። ይህ አነስተኛ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ።

ሥዕልን ከወረቀት ወደ ሌላ ዕቃ ማሸጋገር አዲስ ጥበብ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1756 በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ1,200 በላይ የሸክላ ንጣፎችን እንዳተሙ በመሐላ አረጋግጠዋል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ንጣፍ በሰው እጅ ይሣል ነበር። ዛሬ በመደብሩ የምናየው ሥዕል ያለበት ኩባያ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ዘር ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው እርምጃ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በለንደን ከተማ የወባ መድኀኒት የሆነውን ኪኒን በኬሚስትሪ ጥበብ ለመሥራት ሲደክም ያሰበው ቀርቶ ደማቅ ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ቀድሞ ማቅለሚያ የሚገኘው ከሥራሥር፣ ከቅጠልና ከነፍሳት ሲሆን፤ ከዚህ ወዲህ ግን በፋብሪካ በብዛት ይሠራ ጀመር። ፐርኪን በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙ እንደማይበልጥ ሳስብ ይደንቀኛል።

ከ1920 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ አሴቴት የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ በገበያ በዛ። ይህ ጨርቅ ለጥጥና ለሱፍ የሚሆነውን ማቅለሚያ አልቀበል ስላለ የእንግሊዝ ኬሚስቶች በውሃ የማይሟሟ፣ ነገር ግን እንደ ደቃቅ ዱቄት በውሃ ውስጥ የሚበተን ልዩ ማቅለሚያ ሠሩለት። በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ፖሊስተርን በፈለሰፉ ጊዜ ይኸው ማቅለሚያ ለአዲሱ ጨርቅ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ከምንለብሰው ሸሚዝና የስፖርት ልብስ ብዙው ከፖሊስተር የተሠራ ነው።

ነገር ግን ማቅለሚያው አንድ ጕድለት ነበረው። ጨርቁ በብርቱ ሙቀት ሲተኰስ ቀለሙ እየበነነ በአጠገቡ ወዳለው ጨርቅ ይሸጋገር ነበር። ይህ ጠባይ በኬሚስትሪ ሰብሊሜሽን ይባላል፤ ይኸውም ጠጣር ነገር ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንፋሎትነት መለወጡ ነው። ምሳሌውን በየቤታችን እናገኘዋለን። ብል እንዳይበላው በልብስ ሣጥን ውስጥ የምንጨምረው ናፍታሌን ከወራት በኋላ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል፤ ልብሱን ግን አያርሰውም። የበነነው ሳይቀልጥ ነውና።

በ1957 በሰሜን ፈረንሳይ በሩቤ ከተማ በአንድ የሱፍ ፋብሪካ የሚሠራው ኖኤል ደ ፕላስ ሌላው ሰው እንደ ጕድለት የቈጠረውን ነገር ወደ ጥበብ ለወጠው። ማቅለሚያው በሙቀት የሚበንን ከሆነ ሥዕሉን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አትሞ፣ ወረቀቱን በፖሊስተር ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ በጋለ ብረት ቢጫኑት ሥዕሉ እንዳለ ወደ ጨርቁ ይገባል። ይህ አሠራር ከኅትመት በኋላ የሚያስፈልገውን ማጠብና በእንፋሎት መቀቀል ስለሚያስቀር ብዙ ውሃ ያድናል። የፖሊስተር ልብስ በበዛባቸው በ1970ዎቹ ዓመታት በብዙ ፋብሪካዎች ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ በትልቅ ማተሚያ ቤት መታተም ስለነበረበት ጥበቡ ለትንሽ ነጋዴ አይሆንም ነበር። ይህን የለወጠው ቀለም የሚረጨው የጠረጴዛ ማተሚያ ነው። አንዳንዱ ማተሚያ ቀለሙን የሚረጨው በማሞቅ ስለሆነ በሙቀት ለሚበንን ቀለም አይስማማም። ሌላው ግን የኤሌክትሪክ ኀይል ሲነካው ቅርፁን በሚለውጥ ጠጣር አካል ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣል። የዚህን ጠባይ መሠረት ወንድማማቾቹ ፒየርና ዣክ ኪዩሪ የገለጡት በ1880 ነበር። የእነርሱ ግኝት ከመቶ ዓመት በኋላ ለጠባቧ ሱቃችን እንጀራ ሆነ።

ስልኩስ? ማርቲን ኩፐር በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ በመጀመሪያው የእጅ ሞባይል የተነጋገረው በ1973 ሲሆን፤ ስልኩ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1999 ነው። ስልክ በያንዳንዱ ሰው ኪስ ሲገባ ከቨር አስፈለገው፤ ከቨሩም የባለቤቱን ፍቅር መግለጫ ሆነ። የእናት፣ የልጅ፣ የሙሽሮች ወይም የምሩቅ ፎቶግራፍ ይታተምበታል።

እንግዲህ ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ የጥፋታችን ምክንያት ግልጽ ሆነልኝ። የቀለጠውና ቀለም ያልተቀበለው ተራ ላስቲክና ፕላስቲክ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ከቨር በጀርባው ፖሊስተርን የመሰለ ሽፋን የተቀባ ስስ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አለው፤ የሚጫነውም ሰሌዳው ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሽፋኑ ሲላላ እንፋሎት የሆነው ቀለም ወደ ውስጡ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም እዚያው ይታሰራል። ሥዕሉ በጥፍር ቢፋቅ የማይለቀው ስለዚህ ነው። ቀለሙ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነና ነጭ ቀለም በውስጡ ስለሌለ ነጩ የሚገኘው ከሰሌዳው ነው፤ ስለዚህም በጥቍር ላይ አይታይም። ወረቀቱ ፊቱን ወደ ታች ተደፍቶ ስለሚጫን ደግሞ ጽሑፉ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ በግልባጭ መታተም አለበት። ወረቀቱ እርጥበት ካለው ሥዕሉ ይዥጐረጐራል፤ ከተንቀሳቀሰም ጥላ ያወጣል። በወረቀቱ ላይ ሥዕሉ ደብዝዞ ቢታይ ግን አያስደነግጥም፤ የሚደምቀው ሙቀት ሲያገኝ ነውና።

እኅቴ ይህን ስነግራት ከደመወዝ ይልቅ ምክር የተሻለ ቀን አለ ብላ ሣቀች። ሰሌዳ ያላቸውን ከቨሮች ገዛች፤ የሙቀቱንና የጊዜውን ልክ በደብተር መዝግባ በግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ የዕቁቡንም መዋጮ ሳታስተጓጕል መክፈል ቻለች። ለዚህም የትምህርት ቤታችን በዓል የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በአንድነት የተነሡትን አሮጌ ፎቶግራፍ በ40 ከቨሮች ላይ አትመናል። ገቢው ለቤተ ሙከራው ዕቃ መግዣ ይውላል። ፎቶግራፉ ጥቍርና ነጭ ነው፤ ነጩ የሰሌዳው ነው፤ ጥቍሩ ግን ከፈረንሳዊው፣ ከእንግሊዛውያኑና ከብዙ ስማቸው ካልተጻፈ ሠራተኞች ድካም የመጣ ነው።

ወላጆች ስልክ ልጆቻችንን ከትምህርት ያዘናጋል ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እውነትም አላቸው። እኔ ግን ከከቨሩ ብቻ ስንት ትምህርት እንደሚገኝ አይቻለሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ የተበላሸባችሁን ነገር ሳትመረምሩ አትጣሉት። ደ ፕላስ የበነነውን ቀለም እንደ ጕድለት ብቻ አይቶ ቢያልፈው ኖሮ ይህ ሥራ ባልተገኘ ነበር። እኛም 12ቱን የተበላሹ ከቨሮች አልጣልናቸውም፤ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ጊዜ የሚማርባቸው በመደርደሪያው ላይ ተደርድረው ይገኛሉ።