ቢፕል (ማይክ ዊንክልማን)፦ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራዎቹ

ቢፕል በሚለው ስሙ የሚታወቀው አሜሪካዊ ዲጂታል ሠዓሊ ማይክ ዊንክልማን በ1981 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የገባው የቪዲዮ ጌም ለመሥራት አስቦ ሲሆን፣ በ2003 በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ እንጀራው የድረ ገጽ ዲዛይን ነበር፤ ሥዕልን የተማረው በራሱ ጥረት ነው።

ሜይ 1 ቀን 2007 በየቀኑ አንድ ሥራ ጀምሮ መጨረስ ልማድ አደረገ። ሐሳቡን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሠዓሊ ቶም ጀድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ በወረቀት ላይ የተነደፈ የአጎቱ ምስል ሲሆን፣ እጁ ገና እንዳልተፍታታ በግልጽ ያሳያል። ዋጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ደካማውን ሥራ ሳይደብቅ አኑሮታልና። በሁለተኛው ዓመት ሲኒማ 4ዲ የተባለውን ሶፍትዌር ይማር ጀመር።

በዚያው ዘመን ለኮንሰርት መድረክ የሚሆኑ፣ እየተደጋገሙ የሚዞሩ አጫጭር ቪዲዮዎችን እየሠራ ማንም እንዲጠቀምባቸው በነፃ ለቀቀ። በፍሪላንስ ሥራውም ጀስቲን ቢበርንና ኬቲ ፔሪን ለመሳሰሉ ድምፃውያን የመድረክ ምስሎችን አዘጋጅቷል። የመጀመሪያዎቹ 5,000 ቀናት ሥራዎች፣ የአጎቱ ንድፍ ጭምር፣ በአንድ ፋይል ተሰብስበው በማርች 2021 በክሪስቲስ ጨረታ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠዋል።