በድኾች ቤት መዝገብ ውስጥ የቀረ የትውልድ ሐረግ

መቅደላ በ1860 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868) በእንግሊዝ ጦር መያዟን ከሌሎች ጋዜጠኞች ቀድሞ ለዓለም ያሰማው የኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ወኪል ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነበር። ሰውየው አሜሪካዊ ነኝ ይል ነበር። ይሁንና የትውልድ ስሙ ጆን ሮውላንድስ፣ አገሩም ዌልስ ሲሆን፣ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው በሴንት አሳፍ በነበረ የድኾች ቤት ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ እንግሊዞች «ወርክሃውስ» የሚሉት ይህ የድኾች ቤት ምን ነበር? በ1834 የወጣው የድኾች ሕግ አጥቢያዎችን በኅብረት እያቀናጀ፣ ለእያንዳንዱ ኅብረት አንድ የሥራ ቤት እንዲኖረው አደረገ። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነበር፦ በቤቱ የሚገኘው ኑሮ ከዝቅተኛው የቀን ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን፣ ማንም ወዶ እንዳይገባበት። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተነጥሎ ያድራል፤ ገቢው የራሱን ልብስ አስረክቦ የቤቱን ይለብሳል፤ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ያረጀ የመርከብ ገመድ ይበትናል። እስር ቤት ግን አልነበረም፤ አስታውቆ መውጣት ይቻላል። ስለዚህም አንድ ቤተሰብ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሲገባና ሲወጣ በመዝገቡ ላይ ይታያል።

ይህ መዝገብ የተያዘው ወጪን ለመቆጣጠር ነው። የገባበት ቀን፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አጥቢያ፣ የመግባቱ ምክንያት፣ የወጣበት ቀን ይጻፍበታል። ዛሬ ግን ለብዙ ቤተሰብ ስለ አያት ቅድመ አያቱ የቀረለት ብቸኛ ጽሑፍ እሱው ነው። ስታንሊ በሕይወት ታሪኩ መምህሩን ደብድቦ፣ አጥር ዘልሎ እንዳመለጠ ይተርካል። የ1856ቱ መዝገብ ግን ወደ አጎቱ ዘንድ መሄዱን ብቻ ይመሰክራል። ስለ እናቱ የጻፈው ግን ከዚህ ጀብዱ ይልቅ ልብ ይነካል። እናቱ ሁለት ልጆች ይዛ ወደዚያው ቤት በገባች ጊዜ፣ መምህሩ ሴትዮዋን አሳይቶ ታውቃታለህ ወይ ቢለው፣ አላውቃትም ብሎ መለሰ። ሲወለድም የዴንቢ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ «ዲቃላ» ብሎ ጽፎታል።

ከጋብቻ ውጭ ያረገዘች ድኻ ሴት መውለጃ ስታጣ የምትሄደው ወደዚህ ቤት ነበር። የ1834ቱ ሕግ የልጁን ሸክም በእናቲቱ ላይ ጥሎ ነበርና በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባት ስም ቦታ ባዶ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም። ከ1875 ጀምሮ ደግሞ ያላገባ አባት ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ ስሙ አይመዘገብም ነበር። የእናቲቱ ስምና የልደቱ ቦታ ግን ይቀራሉ፤ ፈላጊው የሚነሣው ከዚያ ነው።

ቦታውም ቢሆን ያሳስታል። በድኾች ቤት መወለድ ዕድሜ ልክ የሚከተል ነውር ስለሆነ፣ ከ1904 ወዲህ ባለሥልጣናቱ የቤቱ ስም በልደት ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ መከሩ። በምትኩ ተራ የመንገድ አድራሻ ተሰጠ። የሊቨርፑሉ ቤት «144ኤ ብራውንሎው ሂል» ተባለ። ለሕፃናቱ የታሰበ ደግ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን አያታችን በዚህ መንገድ ላይ ቤት ነበራቸው ብለው እንዲያምኑ አድርጓል። በዚያ ስፍራ የነበረው ሕንፃ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ዛሬ የካቶሊክ ካቴድራል ቆሞበታል።

በሌላ በኩል፣ በድኾች ቤት የተወለደ ሁሉ ነዋሪው ነበር ማለት አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቤቶቹ ሕሙማን ክፍል የአካባቢው ድኻ ሁሉ ሆስፒታል ሆኖ ነበር። ልዩነቱን የሚያሳየው የመግቢያና የመውጫ መዝገቡ ነው፤ እናቲቱ ለወሊድ ብቻ ገብታ እንደሆነ ቀኖቹ ይናገራሉ። የሕዝብ ቆጠራ ወረቀትም ይረዳል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ቆጣሪ የነዋሪዎቹን ስም በመነሻ ፊደላት ብቻ ጽፎ አልፏል።

ሥርዓቱ በ1930 በይፋ ቀረ፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች በ1948 ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተዛወሩ። የሴንት አሳፉም ቤት በስታንሊ ስም የሚጠራ ሆስፒታል ሆኖ እስከ 2012 ሠርቷል። ከእሳትና ከቸልተኝነት የተረፉት መዝገቦች በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ፈላጊው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የአያቱ አጥቢያ በየትኛው ኅብረት ሥር እንደነበረ ነው።