ስልሳ ዶላር ለሁሉም ስልሳ ዶላር አይደለም
የፔሶ፣ የሊራ እና የብር ታሪክ በጌም ገበያ ውስጥ

እ.አ.አ ኖቬምበር 19 ቀን 2023 እሑድ ነበር። አርጀንቲናውያን ሀቪየር ሚሌይን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ሰውየው በምርጫ ዘመቻው ደጋግሞ ከገባቸው ቃሎች አንዱ ፔሶን አስወግዶ አገሪቱን በዶላር ማገበያየት ነበር። ይህን ለማድረግ ምክር ቤት ማሳመን፣ ማዕከላዊ ባንኩን መግራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዶላሩን ከየትም አምጥቶ ማኖር ነበረበት።

በማግስቱ ሰኞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የማንንም ድምፅ ሳይጠይቅ የአርጀንቲናን አንድ ገበያ ወደ ዶላር ቀየረው። የዓለም ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር ስቲም በፔሶ መሸጥ አቆመ። በዚያው ቀን የቱርክን ሊራም አሰናበተ። በቦነስ አይረስና በኢስታንቡል ያሉ ተጫዋቾች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ በየጌሙ ሥር የዶላር ምልክት ተለጥፎ አገኙት።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ወሬ ይመስላል። ግን ከጀርባው ያለው ጥያቄ የመድኃኒትም፣ የመማሪያ መጽሐፍም፣ የሶፍትዌርም ጥያቄ ነው። አንድ ዕቃ ለሀብታሙም ለድሃውም አገር በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ፍትሕ ነው ወይስ በደል?

▪️ መጀመሪያ ሁሉም በዶላር ነበር

ስቲምን እ.አ.አ በ2003 የከፈተው ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው ለዓለም ሁሉ በዶላር ነበር። እ.አ.አ በዲሴምበር 2008 ዩሮና ፓውንድ ሲጨመሩ ግን አውሮፓውያን በደስታ ፈንታ በቁጣ ተቀበሉት። በአሜሪካ 49.99 ዶላር የነበረው ጌም በጀርመንና በፈረንሳይ 49.99 ዩሮ ሆኖ ወጣ። በወቅቱ አንድ ዩሮ ከ1.25 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ገንዘቡ ሲለያይ አውሮፓዊው ሩብ ያህል ጨምሮ እንዲከፍል ተደረገ ማለት ነው። «አንድ ዩሮ አንድ ዶላር አይደለም» የሚል ተቃውሞ የተነሳው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከሩሲያ ነው። የቫልቭ መሥራች ጌብ ኒውዌል እ.አ.አ በ2011 እንደተናገረው፣ ኩባንያው ወደ ሩሲያ ሊገባ ሲል «እዚያ ሁሉም ሰው ኮፒ ነው የሚያደርገው፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ» ተብሎ ነበር። ገባ፤ ሩሲያም ከአውሮፓ ትልልቅ ገበያዎቹ አንዷ ሆነች። የኒውዌል ድምዳሜ ሰው ኮፒ የሚያደርገው በዋነኛነት አገልግሎቱ ስለማይመቸው እንጂ በዋጋው ምክንያት ብቻ አይደለም የሚል ነበር። ያም ሆኖ ስቲም በሩብል መሸጥ ሲጀምር ዋጋው ከአሜሪካው ዝቅ ያለ ነበር። የብራዚል ሪያልና ሌሎች ገንዘቦችም ተከተሉ። የአካባቢ ዋጋ የሚባለው አሠራር እንዲህ ተተከለ።

▪️ ለምን ይለያያል?

ጌም እንደ ጤፍ አይደለም። ጤፍ ሲሸጥ ከጎተራ ይጎድላል። ጌሙን ለመሥራት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሊወጣ ይችላል፤ ከተሠራ በኋላ ግን አንድ ተጨማሪ ኮፒ ለመሸጥ የሚወጣው ወጪ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ሻጩ 60 ዶላር መክፈል ከማይችል ሰው 15 ዶላር ቢቀበል ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለበትም። ኪሳራ የሚመጣው 60 መክፈል የሚችለው ሰው በ15 መግዣውን በር ሲያገኝ ነው።

ይህ ሐሳብ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዡል ዱፑዊ እ.አ.አ በ1849 ስለ ባቡር ሲጽፍ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ጣሪያ የሌለው ኩባንያው ለጣሪያው ገንዘብ አጥቶ እንዳልሆነ አስረድቷል። ጣሪያ የተነፈገው የሁለተኛውን ማዕረግ መክፈል የሚችለው መንገደኛ ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ነው። ድሃው በዝናብ የሚመታው በእሱ ተጠልቶ ሳይሆን ሀብታሙን ለማስፈራራት ነው ማለት ነው።

በእኛ ዘመን ይኸው ክርክር በመጽሐፍ መጣ። በአሜሪካ ሲማር የነበረ አንድ ታይላንዳዊ፣ ቤተሰቦቹ በታይላንድ በርካሽ የገዙለትን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት መልሶ ይሸጥ ነበር። አሳታሚው ዋይሊ ከሰሰው። እ.አ.አ በማርች 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስድስት ለሦስት ድምፅ ለተማሪው ፈረደ። በሕጋዊ መንገድ የተገዛ መጽሐፍ የትም ይታተም የት ገዢው መልሶ ሊሸጠው ይችላል ተባለ። ዲጂታል ጌም ግን እንደ መጽሐፍ አይደለም። ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ መልሶ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ አጥሩን የሚያጥረው መደብሩ ራሱ ነው።

▪️ አጥሩ ሲነቀነቅ

የአርጀንቲናና የቱርክ ጉዳይ የተበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የራሳቸው ገንዘብ መውደቅ ነው። እ.አ.አ በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ8 ሊራ በታች ነበር፤ በኖቬምበር 2023 ከ28 ሊራ በላይ ሆነ። በአርጀንቲናም በዚያው ጊዜ ይፋዊው ምንዛሪ ከ85 ፔሶ ገደማ ወደ 350 ፔሶ ገደማ ወጣ። እዚያ «ሰማያዊ ዶላር» የሚሉት፣ እኛ ጥቁር ገበያ የምንለው ደግሞ ወደ 1,000 ፔሶ ተጠግቶ ነበር።

ለምሳሌ አንድ ጌም በ2021 መጀመሪያ 5,000 ፔሶ ተብሎ ተተመነ እንበል። ያኔ ወደ 59 ዶላር ነው። አሳታሚው ዋጋውን ሳይነካ ቢተወው በኖቬምበር 2023 በይፋዊው ምንዛሪ 14 ዶላር ገደማ ብቻ ይሆናል። ማንም ዋጋ አልቀነሰም፤ ፔሶው ብቻውን ቀነሰው።

ሁለተኛው የውጭ ሰዎች ሽሚያ ነው። ይህን ያዩ የሀብታም አገር ተጫዋቾች በቪፒኤን ራሳቸውን አርጀንቲናዊ ወይም ቱርካዊ እያስመሰሉ መግዛት ጀመሩ። ስቲም እ.አ.አ በጁን 2021 አንድ ሰው የመደብር አገሩን በሦስት ወር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይቀይር ከለከለ። በኦክቶበር 2022 ደግሞ ለአሳታሚዎች የሚሰጠውን የዋጋ ምክር ሲያሻሽል፣ ለሁለቱ አገሮች የመከረው ዋጋ ከቀድሞው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። የመጨረሻው እርምጃ የኖቬምበር 2023ቱ ነው።

ለፍርድ ያህል፣ ቫልቭ በሩን ጥርቅም አድርጎ አልዘጋውም። ቱርክን ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ጋር፣ አርጀንቲናን ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ጋር አስተሳስሮ በዶላር ግን ዝቅ ባለ ዋጋ የሚሸጥባቸው ሁለት ቀጠናዎች ፈጠረ። ዝቅ ያለውን ዋጋ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ አሳታሚ ነው። አሳታሚው ዝም ካለ የሚሠራው የአሜሪካው ዋጋ ነው። ብዙዎች ዝም አሉ። ትናንት በሳምንት የኪስ ገንዘብ ይገዛ የነበረ ጌም በአንድ ሌሊት የወር ወጪ ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዲሴምበር 13፣ የሚሌይ መንግሥት ይፋዊውን ምንዛሪ ከ366 ፔሶ ወደ 800 አወረደው። የ20 ዶላር ጌም ከ7,300 ፔሶ ገደማ ወደ 16,000 ፔሶ ዘለለ፤ ታክሱ ሳይጨመር። ዋጋው በፔሶ ቢሆን ኖሮ ይህን ጉዳት የሚሸከመው አሳታሚው ነበር። አሁን ገዢው ተሸከመው። በዶላር መሸጥ ማለት ትርጉሙ ይህ ነው፤ የምንዛሪ አደጋው ከጠንካራው ትከሻ ወርዶ ደካማው ላይ ይጫናል።

▪️ በተቃራኒው በኩል አውሮፓ

አጥር ሁልጊዜ የድሃ ወዳጅ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.አ.አ በጃንዋሪ 2021 በቫልቭና በአምስት አሳታሚዎች ላይ በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ጥፋታቸው በፖላንድ፣ በሃንጋሪ፣ በሮማኒያና በመሳሰሉት የተሸጡ መቶ ያህል ጌሞች በሌሎች የኅብረቱ አገሮች እንዳይከፈቱ መቆለፋቸው ነበር። ቫልቭ ይግባኝ ቢልም በሴፕቴምበር 2023 ውድቅ ተደረገበት። ለኮሚሽኑ አንድ ገበያ ማለት አንድ ገበያ ነው፤ ጀርመናዊው የፖላንዱን ዋጋ የመግዛት መብት አለው።

መርሁ ያምራል። ግን ጀርመናዊው በፖላንድ ዋጋ መግዛት ከቻለ፣ አሳታሚው የፖላንዱን ዋጋ ወደ ጀርመኑ ቢያስጠጋ አይገርምም። የኦክቶበር 2022ቱ ምክር የወጣው ዝሎቲ በጣም ተዳክሞ አንድ ዶላር 5 ዝሎቲ በገባበት ሰሞን ነበር። ዝሎቲው አገግሞ ወደ 4 ሲመለስ በብዙ ጌሞች ላይ የተለጠፈው ዋጋ ግን አብሮ አልወረደም፤ ፖላንዳውያን ከሀብታም ጎረቤቶቻቸው በላይ እየከፈልን ነው ብለው አማረሩ። ገንዘብ ሲወድቅ ዋጋ ይሮጣል፤ ገንዘብ ሲነሳ ዋጋ ያነክሳል። የመርካቶን ገበያ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም።

▪️ ብርስ?

በስቲም ላይ የራሷ ገንዘብ ያላት አፍሪካዊት አገር ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ግብፅና የመን ዝቅ ባለው የዶላር ቀጠና ውስጥ ገብተዋል። ኢትዮጵያ አልገባችም። የአዲስ አበባው ተጫዋች የሚያየው ዋጋ የሲያትሉን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይፋዊው ምንዛሪ 57 ብር ገደማ ነበር። የ60 ዶላር ጌም 3,420 ብር ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሲሆን ያው ጌም ከ7,800 ብር አለፈ። በዚያን ሰሞን መንግሥት ዝቅተኛውን የሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ማሳደጉን አስታውቋል። አንድ ጌም ከአንድ ወር ደመወዝ በለጠ። ይህም ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ለተገኘለት ሰው ነው። ሌላው ወይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ያስቸግራል፣ ወይ በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ይጠብቃል፣ ወይም ክራክ የተደረገውን ይጭናል። ኒውዌል ስለ ሩሲያ የተነገረው ወሬ ስለ እኛም መባሉ አይቀርም፤ «እነዚህ አይገዙም»።

«ጌም ቅንጦት ነው፤ እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚል አይጠፋም። ለተጫዋቹ ብቻ ቢሆን ይህ መልስ ይበቃ ይሆናል። ግን ጌም ሥራም ነው። አንድ ወጣት የራሱን ጌም በስቲም ለመሸጥ ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስይዛል፤ ከ2017 ጀምሮ ክፍያው ለካሊፎርኒያውም ለባሕር ዳሩም እኩል ነው። ገንዘቡ የሚመለሰው ጌሙ 1,000 ዶላር ከሸጠ በኋላ ነው። ለአንዱ የምሳ ግብዣ የሆነው ለሌላው ከ13,000 ብር በላይ ነው። የሌሎችን ሥራ አይቶ ያልተማረ፣ በሩ ላይም ይህን የሚጠየቅ ወጣት ገበያውን ከውጭ ሆኖ ቢያየው አይፈረድበትም።

እንግዲህ ፍትሐዊ ዋጋ የቱ ነው? ሁሉም እኩል ይክፈል የሚለው ፍትሕ የሚመስለው ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ነው። የ2008ቱ አውሮፓዊ የተቆጣው ቁጥሩ እኩል ሆኖ ገንዘቡ ስላልተካከለ ነበር፤ ገንዘቡ ተካክሎ ደመወዙ ያልተካከለው ኢትዮጵያዊ ቅሬታ ከዚያ አያንስም። አጭበርባሪን መከላከል የሚቻለው በክፍያ ካርዱ አገር ነው፤ የአገሬውን ሰው አብሮ ማስወጣት አያስፈልግም። ዝቅ ያለ ዋጋ ደግሞ ምጽዋት አይደለም። አንድ ተጨማሪ ኮፒ ምንም በማያስወጣበት ንግድ፣ 15 ዶላር ከዜሮ እንደሚበልጥ ሻጩም ያውቃል።

የዱፑዊ ባቡር ላይ ድሃው ጣሪያ ባይኖረውም ቢያንስ ፉርጎ ነበረው። የዛሬው ጥያቄ ለኢትዮጵያዊው ተጫዋችና ጌም ሠሪ ፉርጎ ተቀጥሎለታል ወይ ነው።