የወሎ ደረሳ በለውሕና በጆሮ

በወሎ ቁርኣን ቤት ሕፃን ትምህርቱን የሚጀምረው በለውሕ ነበር። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የተጻፈለትን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ በቃሉ ሲይዘው ለውሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል።

ወደ ኪታብ ሲያልፍ ነገሩ ይከብዳል። ኪታቡ ዐረብኛ፣ የብዙው ደረሳ የቤት ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ሸኹ ጥቂት ጥቂት እያነበቡ በአማርኛ ይፈቱለታል፤ እሱም ተቀብሎ ይደግማል። ይህ ፍቺ በአብዛኛው በአፍ የሚተላለፍ ነበር። ኪታብ ስለያዘ ብቻ ዓሊም የተባለ የለም፤ «ማን ዘንድ ቀራህ?» መባሉ አይቀርም።

ብዕርና አንደበት የተገናኙት በዐጀም፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ ነው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በሙስሊሙ ላይ የወረደውን መከራ ያዩት ሸኽ ጦልሓ ጃዕፈር (አላህ ይዘንላቸው) የአማርኛ መንዙማቸውን በዚሁ ጽሕፈት አቆይተውልናል። እኔ እንደማምነው የዐጀም ትልቁ ጥቅም ፊደል ላልለየው ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ ኪታብ ያልቀራች እናት ሰምታ ዲኗን ትማራለች።

በ1961 ዓ.ም. ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተሳተፉበት የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ሲታተም፣ ከሸኽ አፍ ብቻ ይሰማ የነበረው ፍቺ በግዕዝ ፊደል ለዓይን በቃ።

የዐጀም ደብተሮች ግን በየቤቱ ሳጥን ምስጥ እየበላቸው ነው። አንብበው የሚያሰሙን አባቶችም እያነሱ ነው። የአያቶቹ ደብተር ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት ለኮሚቴው ያሳይልን።